ብየዳ ከትምህርት ቤት ወርክሾፕ፦ ከምዝገባ እስከ ሲኦሲ

ብየዳ የሚለመደው ኤሌክትሮድ፣ ማለትም እየቀለጠ ብረት የሚያጋጥመውን ዘንግ፣ በማቃጠል ነው። በየወርክሾፑ ያለው ነገር ደግሞ የታወቀ ነው፤ ማሽኑ ጥቂት፣ ተማሪው ብዙ፣ ኤሌክትሮዱ በቁጥር። ፕሮግራሙ ላይ ሦስት ሰዓት ተግባር ተብሎ የተጻፈው ተካፍሎ ሲደርሳችሁ ሩብ ሰዓት ላይሞላ ይችላል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚያች ሩብ ሰዓት ላይ ነው። እንዴት እንደማትባክን፣ እንዴት እንደምትበዛ።

የጻፍኩት በሁለተኛ ደረጃ ወይም በቴክኒክና ሙያ ተቋም የብረታ ብረት ክፍል ለገባችሁ፣ ለመግባትም ለምታስቡ ነው። የማወራው ስለ ኤሌክትሮድ ብየዳ ብቻ ነው። ሚግና ቲግ የሚባሉ የብየዳ ዓይነቶችም አሉ፣ ጥሩ ናቸው። ግን ከሜክሲኮ እስከ መርካቶ ባለው የበርና መስኮት ቤት ሁሉ እንጀራ የሚያበላው ኤሌክትሮድ ነው።

ከመመዝገባችሁ በፊት

አዲስ አበባ መሀል ከተማ ላይ አማራጭ አይጠፋም። ሜክሲኮ አካባቢ ያለው ተግባረ ዕድ ከ80 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ጄኔራል ዊንጌትና እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክንም የማያውቅ የለም። የግል ኮሌጆችም አሉ። ስም ግን አይበይድም። በአካል ሄዳችሁ ወርክሾፑን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።

ስትገቡ ያለውን ማሽን አትቁጠሩ፤ የሚሠራውን ቁጠሩ። አቧራ የለበሰው ለእንግዳ የተቀመጠ ነው። መሬት ላይ የኤሌክትሮድ ጉማጅ ወድቋል? ጥግ ላይ ተበይዶ፣ ተሰብሮ የተጣለ ብረት ተከምሯል? እንዲህ ያለው ቦታ ተማሪ እየሠራበት ነው። በጣም ንጹሕ የሆነ የብየዳ ወርክሾፕ እኔን ያሳስበኛል። ጭስ የሚስብ ማራገቢያ፣ ቢጠፋ ሰፊ የሚከፈት መስኮት መኖሩንም እዩ።

ከዚያ ኃላፊውን ትታችሁ ነባር ተማሪ ያዙና «በሳምንት ስንት ኤሌክትሮድ ታቃጥላላችሁ?» በሉት። «በሳምንት ነው በሴሚስተር?» ብሎ ከሳቀ ሌላ ቦታም ዞር ዞር በሉ።

የክፍሉ ስም ብየዳ ባይል አትደንግጡ፤ ብረታ ብረት ሥራ በሚል ውስጥ ሊካተት ይችላል። ሥልጠናው በደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ መጨረሻው ላይ የሙያ ብቃት ምዘና፣ ማለትም ሲኦሲ፣ አለ። ተቋሙ እስከ ስንተኛ ደረጃ እንደሚያስተምር ሳትጠይቁ አትውጡ።

ልብስ

ቱታው ጥጥ ይሁን። ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ በተለይ የኳስ ማሊያ፣ ብልጭታ ሲያርፍበት ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሱሪው ከጫማው በላይ ይውረድ፤ ካልሲ ውስጥ የተከተተ ሱሪ ፍሙን እየተቀበለ ወደ እግር ያስገባዋል። ጓንቱ የቆዳ ይሁን። አንገታችሁ ድረስ ቆልፉ። የብየዳ ጨረር እንደ ጠራራ ፀሐይ ቆዳ ይልጣል፤ አንገታቸው ላይ የቀይ ቪ ቅርጽ ያለባቸውን በያጆች አይታችሁ ይሆናል።

የማስኩን መስታወት ቁጥር እዩ። እናንተ በምትሠሩበት የአምፒር (የኤሌክትሪክ ፍሰት) መጠን 10 ወይም 11 ቁጥር ይስማማል። የፀሐይ መነጽር አይሆንም፤ ሁለት መነጽር ደርቦ ማድረግም አይሆንም። የመንገድ ዳር ሠራተኛ ሲያደርገው አይታችኋል፣ አውቃለሁ።

እሳት የሌለባቸው ሳምንታት

መጀመሪያ ላይ መለካት፣ መቁረጥ፣ መሞረድ ብቻ ነው። ተማሪው የሚያጉረመርመው እዚህ ጋ ነው። «ቲቸር፣ መቼ ነው የምንበይደው?» ይላል። ግን የአብዛኛው መጥፎ ብየዳ ምክንያት ከብየዳው በፊት ያለ ነው። ዝገት፣ ቀለም ወይም ዘይት ያለበት ብረት ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ መስመር ይሰጣል። አንዱ ጫፍ ገጥሞ ሌላው 4 ሚሊ ሜትር የተከፈተ መጋጠሚያን ደግሞ ጀማሪ ቀርቶ ነባሩም በንጽሕና አይሞላውም።

ስለዚህ እነዚህን ሳምንታት ናቅ አታድርጓቸው። በስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) መስመር አስምሩ፣ ሞርሳ (የብረት ማሰሪያ) ላይ አጥብቁ፣ ከመስመሩ ውጪ ቁረጡ፣ በሞረድ መስመሩ ላይ ድረሱ። ሁለቱን ቁራጮች አጋጥማችሁ ወደ ብርሃን ያዙ። መሀላቸው የሚያልፈው ብርሃን ከዳር ዳር እኩል ከሆነ ለማሽን ደርሳችኋል።

ግራይንደር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በእኔ እይታ ከመበየጃው ይልቅ ሰው የሚጎዳው እሱ ነው። የ115 ሚሊ ሜትር ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ይሽከረከራል። ዲስኩ ላይ የሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት ተጽፎአል፤ ከማሽኑ ማነስ የለበትም። የትልቅ ግራይንደር ዲስክ ለትንሹ እንዲገባ ሽፋኑን መፍታት በየሠፈሩ የተለመደ ነው። እንዳታደርጉት። ያ ዲስክ የተሠራው ለዝቅተኛ ፍጥነት ነው፤ ሲፈነዳ ፊት ለፊት ያለው እናንተ ናችሁ። መቁረጫ ዲስክን በጎኑ ለመሞረድ አትጠቀሙ። ዲስክ ስትቀይሩ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

ማሽኑንና ኤሌክትሮዱን ማወቅ

ፓኬቱን አንብቡ። ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ 6013 ነው። ቁጥሩ የአሜሪካ የብየዳ ማኅበር አመዳደብ ነው። 60 ማለት የብየዳው ብረት በስኩዌር ኢንች 60,000 ፓውንድ ጉተታ ይችላል ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው 1 በሁሉም አቅጣጫ ይሠራል ይላል፤ ጠፍጣፋ፣ ሽቅብ፣ ከራስ በላይ። የመጨረሻው ስለ ሽፋኑ ዓይነትና ስለሚስማማው ኤሌክትሪክ ይናገራል። 7018 የሚባለው ጠንከር ላለ ሥራ ነው፤ ግን እርጥበት ይጠላል። ክረምት ላይ ተከፍቶ ያደረ ፓኬት ተበላሽቷል በሉ።

አምፒሩስ? ለ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90፣ ለ3.2 ደግሞ ከ90 እስከ 130 ባለው መሀል ጀምሩ። የማሽኑን ቁጥር እንደ ወንጌል አትያዙት። መብራት በሚዋዥቅበት ሰዓት፣ ወይም ማሽኑ በረጅም ቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ ከተሰካ፣ 90 ላይ ያለው ማዞሪያ 90 አይሰጥም። ጠዋት የሠራላችሁ ቁጥር ከሰዓት በኋላ ኤሌክትሮዱን የሚያጣብቅ ከሆነ እጃችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት አምፒሩን 5 ከፍ አድርጉ።

የግራውንድ መቆንጠጫውን ንጹሕ ብረት ላይ ያዙ። ቀለም ላይ ወይም የዛገ ጠረጴዛ ላይ ከነከሰ እሳቱ ይቆራረጣል። ከተማሪ ቅሬታ ስንቱ በዚህች ቁንጥጫ እንደሚፈታ ብታዩ ትገረማላችሁ። እጃችሁም፣ ጓንታችሁም፣ የቆማችሁበትም ደረቅ ይሁን። ማሽኑ ሳይበይድ ጫፉ ላይ ከ60 እስከ 80 ቮልት ሊኖር ይችላል፤ በላብ ለራሰ ሰው ይኼ ቀልድ አይደለም።

ተራችሁ ሲደርስ

ማስኩን ከማውረዳችሁ በፊት ቦታ ያዙ። ክርናችሁ ጠረጴዛ ላይ ወይም ጎናችሁ ላይ ይደገፍ። ኬብሉን ትከሻ ላይ ጣል አድርጉት፣ ክብደቱ እጃችሁን እንዳይጎትት። በሁለት እጅ መያዝ አያሳፍርም። ከዚያ እሳት ሳትለኩሱ ከመስመሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴ ሂዱበት። እጃችሁ የሚጠልፈው ነገር ካለ አሁን ታገኙታላችሁ።

ለመለኮስ ጫፉን ብረቱ ላይ ጫር አድርጋችሁ ወዲያው በትንሹ አንሱ። ከተጣበቀ ወደ ጎንና ጎን ወዝወዝ አድርጋችሁ ንቀሉት። እምቢ ካለ መያዣውን ተጭናችሁ ኤሌክትሮዱን ልቀቁት። ማስኩን ከፍታችሁ በእጅ መንቀል አይፈቀድም፤ ሲላቀቅ ይለኮሳል፣ ዓይናችሁም ክፍት ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ጀማሪ ሁሉ የሚያየው ብርሃኑን ነው። ብርሃኑን ተዉት። ከብርሃኑ ኋላ ያለችውን፣ ጠርዟ ክብ የሆነ፣ የምትንቀጠቀጥ ቀልጣ ያለች ብረት ፈልጉ። መጀመሪያ ላይ አትታይም፤ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ጨለማ ነው። ቀስ እያለች ትወጣለች። በላይዋ የሚንሳፈፍ ጠቆር ያለ ነገር ይኖራል፤ እሱ ስላግ ነው፣ የኤሌክትሮዱ ሽፋን ቀልጦ የሚፈጥረው ቅርፊት። ስላጉ ከኋላ መከተል አለበት። ወደ ፊት ቀድሞ ከፈሰሰ ብየዳው ውስጥ ይቀበራል፤ ወይ ፍጥነታችሁ አንሷል፣ ወይ አምፒሩ፣ ወይ ኤሌክትሮዱን በጣም አቁማችኋል። ወደምትሄዱበት አቅጣጫ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ አጋድሙት።

በጫፉና በብረቱ መካከል ያለው ርቀት የኤሌክትሮዱን ሽቦ ውፍረት ያህል ይሁን። ችግሩ ኤሌክትሮዱ እያለቀ ያጥራል፤ እጃችሁ ወደ ፊት ብቻ ከሄደ ርቀቱ ሳታውቁት ይረዝማል። ስለዚህ እጅ ሁለት ሥራ አለው፤ ወደ ፊት መሄድና በእኩል ፍጥነት ወደ ታች መውረድ። ጆሯችሁ ከዓይናችሁ ቀድሞ ይረዳችኋል። ርቀቱ ትክክል ሲሆን ድምፁ ሽንኩርት በጋለ ዘይት ላይ ሲጠበስ የሚሰማው የማይቆራረጥ ጭስስ ነው። ፑፍ ፑፍ ካለና ብልጭታው ከበዛ ርቃችኋል።

አንድ መስመር ጨርሳችሁ ስትቆሙ ኤሌክትሮዱን በድንገት አትንጠቁ። መጨረሻው ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይቀራል፤ ከዚያ ነው ስንጥቅ የሚጀምረው። ጥቂት ወደ ኋላ መለስ ብላችሁ ሙሉትና አንሱ።

ስላጉን ስታነሱ መነጽር አድርጉ፤ ትኩስ ስላግ ይፈናጠራል። በጥሩ መስመር ላይ ስላጉ በአንድ ሁለት ምት በረጅሙ ይነሣል፤ አንዳንዴም ሲቀዘቅዝ ራሱ ይላቀቃል። በሽቦ ብሩሽ አጽዱና አንብቡት። መስመሩ ጠባብና ጎባጣ ሆኖ ብረቱ ላይ የተቀመጠ ከመሰለ አምፒሩ አንሷል። ጠፍጣፋና ሰፊ ሆኖ ዳርና ዳሩን ቦይ ከቆፈረ አምፒሩ በዝቷል ወይም ርቃችኋል፤ ቦዩ አንደርከት ይባላል፣ መዛኝ ወዲያው የሚያየው ነው። ሞገዶቹ ሾጣጣ ሆነው ከተጎተቱ ፈጥናችኋል።

ኤሌክትሮዱን እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ጉማጅ ድረስ አቃጥሉ። ግማሹን የሚጥል ተማሪ የሰውንም ተራ እየጣለ ነው። በአንዴ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ አምፒሩንም ፍጥነቱንም አብራችሁ ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳችሁ አታውቁም። ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ አምፒሩን በጠመኔ ጻፉና በስልክ ፎቶ አንሡ።

ተራ በማይደርስበት ሰዓት

ሌላው ሲበይድ ማስክ አድርጋችሁ ከጎኑ ቁሙ። ራሳችሁ ከምትበይዱ ይልቅ የቀለጠውን ብረት ያኔ አጥርታችሁ ታዩታላችሁ፤ የእጃችሁ ጭንቀት የለማ። ቤት ደግሞ አዲስ የኤሌክትሮድ ርዝመት ያለው ቀጭን እንጨት በፒንሳ ያዙና ካርቶን ላይ ባሰመራችሁት መስመር ላይ 3 ሚሊ ሜትር አንሥታችሁ በቀስታ ሂዱ። 20 ሴንቲ ሜትር በአንድ ደቂቃ አካባቢ። ሞኝነት ይመስላል፤ ቤተሰብም ይስቃል። ክንዳችሁ ሲንቀጠቀጥ ግን ለምን እንደሚጠቅም ይገባችኋል።

መለማመጃ ብረት ሲያልቅ «የለም» ተብሎ መቀመጥ አያስፈልግም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ውረዱ። ቁርጥራጭ ላሜራ (ዝርግ ብረት)፣ አንጎላሬ (የኤል ቅርጽ ብረት)፣ የቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) ጫፍ በኪሎ ይገኛል። ሦስት አራት ሆናችሁ ተዋጡ። ውፍረቱን እየለካችሁ ምረጡ፤ ዚንክ የተነከረ፣ ቀለም የበዛበት፣ ምን እንደነበረ የማይታወቅ ብረት ተዉት።

መጋጠሚያዎች፣ ከዚያም የገበያው ብረት

ከጠፍጣፋ መስመር በኋላ ሁለት ቁራጭ በቲ ቅርጽ ታቆማላችሁ። በሁለቱም ጫፍ ነካ ነካ አድርጋችሁ ያዙ፣ በስኳድራ ፈትሹ፣ ኤሌክትሮዱን በሁለቱ መሀል 45 ዲግሪ አድርጉና በይዱ። ከዚያ ስበሩት። ቀልዴን አይደለም። በአንድ ጎን ብቻ የተበየደ ቲ ሞርሳ ላይ ያዙና የቆመውን ብረት ወደ ተበየደው ጎን በመዶሻ ደፍታችሁ ጣሉት። ሲሰበር ሥሩ ይታያል። ማዕዘኑ ቀልጦ ተዋሕዶ ከሆነ ጥሩ። የመጀመሪያው የመቁረጫ መስመር እንዳለ የሚታይ ከሆነ ላዩ አምሮ ሥሩ አልተያዘም። ፎቶ ላይ የሚያምር ብየዳ ብዙ ነው።

ሽቅብ ብየዳ ላይ አምፒር ቀነስ አድርጉ፣ ከታች ወደ ላይ ሂዱ፣ በዳርና ዳር ትንሽ ቆይታችሁ መሀሉን ቶሎ እለፉ። ከራስ በላይ ያለውን መምህራችሁ አጠገባችሁ ሆኖ ነው መጀመር ያለባችሁ።

ትምህርት ቤት የሚያለማምዳችሁ በወፍራም ብረት ነው፤ ውጪ የሚጠብቃችሁ ግን ግድግዳው 1.2 ወይም 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ ነው። በር፣ መስኮት፣ ግሪል፣ የደረጃ መደገፊያ። በወፍራም ብረት ጎበዝ የነበረ ልጅ ቱቦላሬ ላይ ሲበይድ ብረቱን ወንፊት ያደርገዋል። ለዚህ በ2.5 ኤሌክትሮድ ከ50 እስከ 60 አምፒር ይዛችሁ በአጭር በአጭሩ፣ እያቆማችሁ፣ ቅላቱ እስኪደበዝዝ እየጠበቃችሁ ሥሩ።

ሙቀት ብረት ያጣምማል። ስለዚህ የበር ክፈፍ ስትሠሩ አንዱን ማዕዘን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። አራቱንም በነጥብ፣ ማለትም በአጭር አጭር ብየዳ፣ ያዙ። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ሁለቱንም ለኩ፤ ሁለቱ ልኬቶች እኩል ካልሆኑ በሩ አይዘጋም። አስተካክላችሁ በተቃራኒ ማዕዘን እየተዘዋወራችሁ ጨርሱ።

ጭስ፣ ዓይን፣ በርሜል

የዚንክ ንክር ያለው ላሜራ ሲበየድ ነጭ ጭስ ይወጣል። እሱን የተነፈሰ ሰው ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ይተኩሰዋል፣ ወባ የያዘው ይመስላል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ወተት ጠጡበት ይባላል። ወተት ወደ ሆድ ነው የሚገባው፣ ጭሱ ወደ ሳንባ። መፍትሔው በሚበየደው ቦታ ላይ ንክሩን ሞርዶ ማንሣት፣ መስኮት መክፈት፣ ራስን ከጭሱ መስመር ማውጣት ነው። ስትሞርዱም የአቧራ ማስክ አድርጉ።

ዓይን በጨረር ሲመታ ወዲያው አያምም። ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፣ ያስለቅሳል። ድንች ቆርጦ መለጠፍ ቅዝቃዜ ይሰጥ እንደሆነ እንጂ አያድንም፣ ጀርምም ያመጣል። አትሹት፤ ቀዝቃዛ ንጹሕ ጨርቅ አድርጉ፤ ጨለማ ክፍል ዕረፉ። በማግስቱ ካልተሻለ ወይም ብረት ገብቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሐኪም ቤት። መሀል ከተማ ላለ ሰው ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለው።

ነዳጅ ወይም ኬሚካል የነበረበት በርሜል፣ ባዶም ቢሆን፣ ተማሪ አይነካም። ውስጡ የቀረው ተን ነው የሚፈነዳው።

ሠፈር ያለ ወርክሾፕ መግባት

ተጨማሪ የማሽን ሰዓት የሚገኘው እዚያ ነው። ተቋማችሁ የትብብር ሥልጠና ካለው በደንብ ያዙት፤ ከሌለው ክረምቱን ተጠቀሙ። ጠዋት ሥራ ሳይሞቅ ሂዱ። «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። ብየዳ ተማሪ ነኝ፤ መሞረድና መለካት እችላለሁ። ክረምቱን ላግዝዎትና የተረፈ ብረት ላይ ልለማመድ?» ይበቃል። እበይዳለሁ ብላችሁ አትግቡ። ቁራጭ የሚሞርድለት ልጅ የማይፈልግ በያጅ የለም፤ ከሳምንት በኋላ ነጥብ ያዝ ይላችኋል።

የምትቀጠሩ ከሆነ ሕጉን እወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለን መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ የትርፍ ሰዓትም፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለ ሥራም የለበትም። ማስክ የሌለበት ቤት ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ክፍያው ትንሽ ቢሆንም ግድ የለም፤ ዓይን ግን አይመለስም።

የምዘናው ዕለት

ሲኦሲ የጽሑፍም የተግባርም አለው። የተግባሩ የሚጀምረው ገና ስትገቡ ነው፤ መዛኙ አለባበሳችሁን፣ ኬብሉን መፈተሻችሁን፣ አጠገባችሁ የሚቀጣጠል ነገር ማራቃችሁን ያያል። ሥዕሉን ሁለቴ አንብቡ። በተሰጣችሁ ቁራጭ ላይ ሳይሆን በትርፍ ብረት ላይ አምፒሩን ሞክሩ፤ ትርፍ ብረት ካልተሰጣችሁ ጠይቁ፣ መጠየቅ ነጥብ አያስቀንስም። ሰዓት አለ ብላችሁ አትጣደፉ፤ የሚበላው ሰዓት መበየዱ ሳይሆን በደንብ ያልገጠመን ማስተካከሉ ነው።

ጨርሳችሁ ስላጉንና ስፓተሩን (ተፈናጥሮ ዙሪያው የተጣበቀውን ብረት) በመሮና በሽቦ ብሩሽ አንሡ። ግራይንደር መስመሩ ላይ አታሳርፉ፤ የተሞረደ መስመር የተደበቀ ጉድለት ያለበት ይመስላል፣ ብዙ ጊዜም አይፈቀድም። ማሽኑን አጥፉ፣ ኬብሉን ጠቅልሉ፣ የጣላችሁትን ጉማጅ ልቀሙ። ከዚያ ቁራጩን በፒንሳ ይዛችሁ አስረክቡ፤ ገና ትኩስ ነው።